መቁላት ብቻውን አያድንም፦ የጓያ ነገር ከሐይቅ እስከ ደላንታ

ቆሎ የማይጠረጠር ምግብ ነው። ከሐይቅ መናኸሪያ እስከ ውጫሌ ገበያ በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል የአምባሰልን ተራራ የሚወጣው ተሳላሚ ስንቁ ቆሎ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ዙሪያም ሆነ በሌላው ገዳም ፊደል የቆጠረ፣ ዜማ የተማረ ሁሉ «የቆሎ ተማሪ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ለቅሶ ቤት ቆሎ፣ ቡና ላይ ቆሎ፣ መንገድ ላይ ቆሎ። ቆሎ ዘግኖ «ይህ ነገር ይጎዳኝ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እሳት ያየ እህል ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመናልና።

እምነቱ ለአብዛኛው እህል ያስኬዳል። ተልባ ጥሬው ሆድ ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ ሊለቅ የሚችል ንጥረ ነገር አለው፤ እሳት ይህን ይቀንሰዋል። እናቶች ተልባን ሳይቆሉ አለመውቀጣቸው እንግዲህ ለመዓዛው ብቻ የሚጠቅም ልማድ አይደለም። ኑግም፣ ሱፍም፣ ሽምብራም ከምጣድ ሲወጡ ጣዕማቸው ይጎላል፣ ለመውቀጥም ለመፍጨትም ይመቻሉ። (እነዚህ በዘይትና በፕሮቲን የበለጸጉ የአገር ዘሮች ገበያ ላይ ተርፈው ሳለ፣ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ከውጭ የመጣ «ጤናማ ዘር» በታሸገ ፕላስቲክ በውድ ዋጋ መሸጡ ይገርማል። ይህ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።)

ችግሩ ጓያ ላይ ነው።

ጓያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር መጠጥ ማለት ሲጀምር ይዘራል። ማዳበሪያ አይፈልግም፤ እንዲያውም እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ናይትሮጅን ለአፈሩ ይመልሳል። በመሬቱ ቀሪ እርጥበት ብቻ አድጎ ያፈራል። ዝናብ ቀድሞ ቢቆም ይቋቋማል፣ ውሃ ቢተኛበትም ይችላል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በአጭሩ፣ ሌላው ሁሉ ሲከዳ የማይከዳ ሰብል ነው። የወሎ ገበሬ ይህን ዘር ይዞ የቆየው መርዛማነቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያውቃል። ግን በክፉ ዓመት ከጎተራ የሚገኘው እሱ ብቻ ሊሆን እንደሚችልም ያውቃል።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል። በዘሩ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ የነርቭ ሕዋሳትን ከመጠን በላይ እየቀሰቀሰ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው። አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ጓያ የበላ ሰው ምንም አይሆንም። በሽታው የሚመጣው ጓያ የምግቡ ዋና ክፍል ሆኖ፣ በዕለት ምግቡ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይዞ፣ ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል ሲዘልቅ ነው። ስሙ በሕክምናው ኒውሮላቲሪዝም ነው። በገጠሩ አማርኛ ግን «ጓያ ሰበረው» ይባላል፤ ይህ አነጋገር ከሕክምናው ስም ይልቅ ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ሰውየው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ሊለው ይችላል፤ ወይም ከከባድ የጉልበት ሥራ በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል። እግሮቹ ይደርቃሉ፣ ሲራመድ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ሐኪሞች የጉዳቱን ደረጃ የሚለኩት በዱላ ቁጥር ነው፦ ያለ ዱላ እያነከሰ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ በመጨረሻም በእጁ እየዳኸ የሚሄድ። አእምሮው ደህና ነው፣ እጁም ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ዕድሜውም አያጥርም። እግሩ ግን ወደነበረበት አይመለስም። የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ብዙ የሚመታው ወጣት ወንድ መሆኑ ደግሞ በገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሞፈር የሚይዘው፣ አጨዳ የሚወጣው፣ ነገ ጎጆ ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው ልጅ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በ1980ዎቹ ማብቂያ፣ ከአምባሰል ጋር በሚጎራበተው በደላንታ፣ በያኔው አጠራር ደላንታ ዳውንት ወረዳ፣ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲመታ ጓያ ብቻ ቀረ። ሕዝቡ የቀረውን በላ። ተከትሎ የመጣው ወረርሽኝ ከ2 ሺህ በላይ ሰው እንደሰበረ ተመዝግቧል። ዛሬ ደላንታ ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ የሚያስበው የወገል ጤናን ኦፓል ነው፤ የጌጥ ድንጋዩ ስሙን ከማስጠራቱ በፊት ወረዳው በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የገባው በዚህ በሽታ ነበር። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ኃይማኖትና ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን ያሉበት ቡድን ስለ ወረርሽኙ «ዘ ላንሴት» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 ጻፈ። ፕሮፌሰር ረዳ ከዚያ በፊትም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች በሽታው ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ አጥንተው አሳይተው ነበር።

ከደላንታው ጥናት ለቆሎ ወዳጅ የሚሆን አንድ ነገር ወጣ። ተመራማሪዎቹ የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን ሰዎች ጓያውን እንዴት አድርገው ይበሉት እንደነበር አነጻጸሩ። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት የበላ ሰው የመሰበር ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። በወጥ ወይም በተቦካ እንጀራ መልክ የበላው ላይ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የመሳሰለው ቅመም ከገባበት ወጥ ጋር፣ ወይም ከጤፍ፣ ከገብስና ከመሰለው እህል ጋር ቀላቅሎ የበላው ደግሞ አደጋው ቀነሰለት።

ልብ ያለው ይህን ሁለት ጊዜ ያነበዋል። ቆሎው፣ ያ የማይጠረጠረው ምግብ፣ ከአደገኞቹ መልኮች አንዱ ሆኖ ተገኘ።

ለምን? ምክንያቱ ምጣዱ ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጓያ በተመጠነ ከፍተኛ ሙቀት ለረጅም ደቂቃ ሲቆላ የኦዳፕ መጠኑ በእርግጥ ይቀንሳል። የገጠር ምጣድ ግን ቤተ ሙከራ አይደለም። ቆሎ የሚወጣው ቆዳው ሲቀላና ሲሸት ነው፤ እሳቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሠራው ሥራ ሳያልቅ ምጣዱ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ኦዳፕ በውሃ የሚሟሟ ነገር ነው። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ያለው ከእሳቱ ይልቅ ውሃው ላይ ነው፦ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መድፋት፣ ደግሞ በአዲስ ውሃ ማጠብ ወይም ቀቅሎ ውሃውን መድፋት። ደረቁን በቀጥታ ምጣድ ላይ የሄደ ጓያ ይህን ሁሉ ዘልሎ ነው ቆሎ የሚሆነው። ንፍሮም ቢሆን ውሃው ተመጥጦ እስኪያልቅ የሚቀቀል ከሆነ መርዙን አብሮ ይዞት ይቀራል። ወጥ ሲሆን ግን ሽሮው ትንሽ፣ ውሃው ብዙ፣ ቅመሙ ብዙ፣ አብሮት የሚበላው እንጀራም የሌላ እህል ነው።

ሌላም አለ። የጓያ ፕሮቲን ብዙ ቢሆንም ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ይጎድሉታል፤ እነዚህ ደግሞ በጤፍና በሌሎች የብርዕ እህሎች ይገኛሉ። ሰውነት መርዙን የሚቋቋመው እነዚህ ሲኖሩት ነው። ስለዚህ ጤፍ እንጀራ በጓያ ሽሮ መብላትና ኪስ ሙሉ የጓያ ቆሎ ይዞ መዋል፣ ሁለቱም «ጓያ መብላት» ቢባሉም፣ አንድ ነገር አይደሉም። አንዱ ማዕድ ነው፤ ሌላው ብቻውን የሚዋጥ ጓያ ነው። ከብት ጥበቃ የሚውለው ልጅ ከማሳው ጥሬ እሸቱን እየቀጠፈ፣ ከቤት ደግሞ ቆሎውን በኪሱ ይዞ ሲወጣ፣ ሁለቱንም አደገኛ መልኮች በአንድ ቀን ይበላል። እናቱ ቤት ቆይታ ወጡን ትበላለች። ወንዶች ልጆች ለምን በብዛት ይሰበራሉ ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ ባይሆንም፣ ከመልሱ ግማሽ መንገድ ያደርሳል።

በየመንደሩ የኖረው ግንዛቤ ደግሞ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስህተት ነው። ጓያ እንደሚሰብር ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ብዙ ቦታ የሚሰብረው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ይባላል፤ ወይም በጓያ ገለባ ላይ መተኛት ወይም በመካከሉ መሄድ ነው ይባላል። እንዲህ የሚያምን ሰው ከእንፋሎቱ ይሸሻል፣ ገለባውን ያርቃል፣ ቆሎውን ግን ያለ ፍርሃት ይበላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ቤት ገብታ «ጓያ ይጎዳል» ብትል አዲስ ነገር አልነገረችም። «ሳትዘፈዝፉ አትቁሉት፣ ለልጅ ለብቻው በቆሎ መልክ አትስጡት» ብትል ግን ነግራለች። የጓያ ትምህርት ሁሉ በዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢጀመር ከብዙ ፖስተር ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። መዘፍዘፍ ውሃ ይፈልጋል፣ ቀቅሎ መድፋት ውሃም ማገዶም ይፈልጋል፣ ቅመም ገንዘብ ይፈልጋል፣ ከጤፍ ጋር መቀላቀል ጤፍ ይፈልጋል። ጓያ አደገኛ የሚሆነው ደግሞ እነዚህ ሁሉ በጠፉበት ዓመት ነው። ድርቅ ራሱ በሰብሉ ውስጥ ያለውን የኦዳፕ መጠን እንደሚጨምር ይታወቃል፤ መርዙ ሲበዛ ማጠቢያው ውሃ ያንሳል። ከምንጭ አንድ እንስራ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የምትሄድ ሴት ያንን ውሃ ጓያ ዘፍዝፋበት እንድትደፋው መምከር ቀላል ነው፤ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ቆሎ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ቆሎ ውሃ አይፈልግም፣ ማገዶውም ጥቂት ነው፣ ወጥ የለም እንጀራ የለም ተብሎ አይቀርም። የደሃ ምግብ አዘገጃጀትና የበሽታው መንገድ አንድ ላይ የሚገጥሙት እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የማዕድ ቤት ብቻ ሳይሆን የአስተዳደርም ነው። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይባላል፣ አርቆ ለማያይ ሰው። የእርዳታ አሠራር በዚህ ነገር ከጓያ ነቃይ አይለይም። በድርቅ ዓመት የሚጠየቀው ቤቱ ምግብ አለው ወይስ የለውም የሚል ነው። ሁለት ጆንያ ጓያ ያለው ቤት በወረቀት ላይ ምግብ አለው፤ ተራው ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። መጠየቅ የነበረበት ያለው ምን ዓይነት ምግብ ነው፣ ከምን ጋር ይበላል የሚለው ነበር። የደላንታው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 በድጋሚ «ዘ ላንሴት» ላይ ሲጽፍ ያነሳው ይህንኑ ነው፦ የእርዳታ እህል በጊዜ ከደረሰና ከጓያው ጋር ከተቀላቀለ ሰው ከመሰበር ይድናል። እዚህ ላይ እህሉ መድኃኒት ነው፤ ግን መድኃኒትነቱ ከሦስት ወር በፊት ሲደርስ እንጂ እግሩ ከደረቀ በኋላ ሲታደል አይደለም። ጓያው ጎተራ ውስጥ ብቻውን የቀረበት ቤት በዝርዝሩ ላይ ከፊት እንጂ ከኋላ መሆን የለበትም። ይህ በተለይ የጦርነት ጠባሳ ባልሻረበት፣ ከየአቅጣጫው የተፈናቀለ ሰው ተጠግቶ በሚኖርበት የሐይቅና የተሁለደሬ አካባቢ የሚዘነጋ አይደለም። ምርጫ የሌለው ሰው የሚበላው የሰጡትን ወይም የረከሰውን ነው።

ምርጫ ማጣት ምን እንደሚያደርግ ዓለም አይቶታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እና 1943፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው ምድር በነበረው የቫፕኒያርካ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች የዕለት ምግባቸው በዋናነት ጓያ እንዲሆን ተደርጎ ብዙዎች ሽባ ሆኑ። ምክንያቱን የለየው ራሱ እስረኛ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። ስፔንም ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ በነበረው ረሃብ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ደርሶባታል። እንግዲህ በሽታው የወሎ አይደለም፣ የኋላቀርነትም አይደለም፤ አንድ ምግብ ብቻ የቀረው ሰው ሁሉ በሽታ ነው።

«ታዲያ ለምን አይከለከልም?» የሚሉ አሉ። ሕንድ ይህን ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከለከለች፤ ብዙ ቦታ ግን መዘራቱም መበላቱም አልቀረም። የሚበላው ደሃው፣ የሚዘራውም ደሃው ስለሆነ ክልከላው ጓያውን ከገበያ ሰፌድ ላይ ወደ ዱቄት ውስጥ ደበቀው። በኢትዮጵያም ሊሆን የሚችለው ይኸው ነው፤ ደግሞ ድርቅ በሚመላለስበት አገር የመጨረሻውን የማይከዳ ሰብል በአዋጅ መንጠቅ ከበሽታው የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። «አባቶቻችን በልተው ምን ሆኑ?» የሚሉትም በሌላ በኩል አሉ። አባቶች በደህናው ዘመን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው በሉት፣ ምንም አልሆኑም። በክፉው ዘመን ብቻውን በሉት፣ ከመካከላቸው የተሰበሩት ደግሞ ምስክር ሆነው በየደጃፉ ተቀምጠዋል።

የዱቄቱ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ሽሮ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይለያይበት ማዕድ ቢኖር ሽሮ ነው። ጓያ ከሽምብራና ከአተር ይረክሳል፤ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ለዓይን አይለይም። ነጋዴ ሽምብራ ብሎ ጓያ የተቀላቀለበትን ሲሸጥ ገዢው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ልጠንቀቅ የሚልበትን ዕድልም ያጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን ከባዕድ ነገር መቀላቀልን ይከለክላል፤ ታሽጎ የሚሸጥ ሽሮ ላይ «ጓያ አለበት» ብሎ በአማርኛ መጻፍ አዲስ ሕግ እንኳ የሚያስፈልገው አይመስልም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በከተማ በተለያየ ማዕድ መካከል አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ የሚበላ ሰው አይሰበርም። ግን ገዢው የሚበላውን የማወቅ መብቱ ለመሰበር ከመቅረቡ በፊት የሚጀምር ነው።

«እሳት ያየ ጉዳት የለውም» የሚለው እምነት የሚያስተው በጓያ ብቻ አለመሆኑንም ማንሳት ይገባል። ሻጋታ የመታው ለውዝ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ሙቀትን ስለሚቋቋም ተራ አቆላል አያጠፋውም፤ ሽታውን ሸፍኖ እንዲበላ ያደርገዋል እንጂ። ከዘር የሚነሳ መርዝ ምን ያህል እንደሚጓዝ ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተደረገ የወተት ጥናት አሳይቷል፦ ከአሥር ናሙና ዘጠኙ ያህሉ ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ በላይ የሆነ የአፍላቶክሲን ዝርያ ተገኝቶበት፣ ዋና ምንጩ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ኑጉ አልከፋም፤ አከማቸቱ ነው የከፋው።

ወደ ጓያ ሲመለስ፣ ዘላቂው መንገድ ዘሩን መለወጥ ነው፤ ሥራውም ከዜሮ የሚጀምር አይደለም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል «ዋሴ» የተባለ ኦዳፑ ዝቅተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ አውጥቷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ሥራው ዝርያውን በማውጣት አያበቃም። ጓያ በንብ አማካይነት ከጎረቤት ማሳ ጋር ይዳቀላል፤ አንድ ገበሬ ብቻውን የተሻሻለ ዘር ቢዘራና ዙሪያው የድሮው ቢሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያጭደው የተቀላቀለ ነው። የአፈሩና የዝናቡ ሁኔታም መርዙን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሦስትና ለአራት ገበሬ «ለሙከራ» ማደል ገንዘብ ማባከን ነው። ቀበሌ በቀበሌ፣ ኩታ ገጠም ሆኖ፣ ዘሩም በየጥቂት ዓመቱ እየታደሰ መሄድ አለበት። ለወሎ ቅርብ የሆነው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የዞኑ ግብርና መምሪያና የዘር አምራች ማኅበራት አንድ ላይ ካልተቀመጡበት በቀር በአንድ ወገን የሚሆን አይደለም።

ደላንታ ላይ የተሰበሩትም ተረስተው መቅረት የለባቸውም። ያኔ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ዛሬ በአርባዎቹ ናቸው። እርሻ የማይችሉ፣ እጃቸው ግን ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ የኦፓል ማለስለስ ሥራ እግር አይጠይቅም። ከዚያው ወረዳ የሚወጣው ድንጋይ ሳይለሰልስ እየተጫነ ሲሄድ፣ ቁጭ ብሎ ሊያለሰልሰው የሚችል ሰው በዚያው ደጃፉ ላይ አለ።

ጓያ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፣ የበልግ ዝናብ ከቀረ፣ ጎተራው ውስጥ እሱ ብቻ የሚቀርባቸው ናቸው። በተሁለደሬ፣ በአምባሰልና በደላንታ የበልጉ ሁኔታ ሲገመገም «በዚህ ቀበሌ ስንት ቤት ከጓያ በስተቀር ሌላ እህል ጨርሷል?» የሚል አንድ ጥያቄ በቅጹ ላይ ቢጨመር፣ መልሱ ሚያዝያ ላይ ይገኛል፤ እህሉም ሰኔ ሳይገባ ሊደርስ ይችላል።